ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቁጥር

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ አልነበረም። የደርግ መኮንኖች ያቀረቡላቸው ቮልስዋገን ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ቤተ መንግሥቱም ሆነ የቀድሞው የጦር ሰፈር ከአዲስ አበባው ኡራኤል ሰፈር በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። በአገሪቱ ታሪክ የዚያችን ያህል የተወራላት መኪና የለችም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በቀለሟ እንኳ ተራኪዎች አልተስማሙም። ሰማያዊ ነበረች የሚል አለ፣ አረንጓዴ የሚልም አለ።

ነገ አንዱ ብድግ ብሎ «ያቺ ቮልስ እኔ ጓሮ ቆማለች» ቢል በምን ይታመናል? ቀለሙ አይመሰክርለትም፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ መኪና ስንቴም ትቀባለች። ሞተሩም አይመሰክርም፤ ይወርዳል፣ ይተካል። በሩ፣ ፓራፋንጎው፣ ፓራውልቱ፣ መብራቱ ሁሉ በብሎን የተያዘ ነው። የሚቀረው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ያንኑ ቁጥር የያዘ የዘመኑ ወረቀት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ትልቅ ጥያቄ ባይነሳም ትንሹ በየጊዜው ይነሳል። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ወይም ወደ ባምቢስ ሲሄዱ ድምፅዋን አስቀድማ የምትመጣ ቮልስ አልፎ አልፎ ትታያለች። አንዷ የጡረተኛ መምህር ዕለታዊ መጓጓዣ ናት፤ ሌላዋ ተወልውላ፣ ሪባን ታስሮላት ለሠርግ ትከራያለች። ለሽያጭ ስትቀርብ ግን የሁሉም ሻጭ አፍ አንድ ነው፦ «ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ናት!» ስድሳ ዓመት በአዲስ አበባ ጉድጓድ ላይ የኖረች መኪና ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ሆና አትገኝም። ገዢ መጠየቅ ያለበት ምኗ እንደተቀየረ፣ ከየትኛው ዘመን በመጣ ዕቃ እንደተቀየረና ወረቀቱ ያንን ያውቅ እንደሆነ ነው። አብዛኛውን መልስ መኪናዋ ራሷ ትሰጣለች።

ቮልስ ለመለዋወጥ የተመቸች ሆና ነው የተሠራችው። የመጨረሻዋ በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ ጁላይ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ስትወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተው ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ፋብሪካው መልኳን ብዙ አልነካም፤ ውስጧን ግን በየዓመቱ ይነካካ ነበር። ስለዚህ የአንዱ ዓመት ዕቃ ለሌላው ይገጥማል፤ የሚገጥም ነገር ደግሞ ይገጠማል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፤ የለመደ መካኒክ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሬት ያወርደዋል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱን ገፍቷል። የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ 1200 ሞተር ፋብሪካው ሲያወጣው ጉልበቱ 34 ፈረስ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ባለ ከፍታ በካርቡራቶር የሚተነፍስ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አራት ሰው ይዞ አቀበት የሚወጣ ባለቤት 1300 ወይም 1500 ሞተር ባገኘ ጊዜ ቢቀይር አይፈረድበትም። ዕቃውም ከሶማሌ ተራ ወይም ከተጋጨች ሌላ ቮልስ ላይ ይገኛል። ይህን ሁሉ አጭበርባሪነት ብሎ መጥራት ነውር ነው፤ መኪኖቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በዚሁ ዘዴ ነው። አጭበርባሪነት የሚሆነው የተቀየረውን አልተቀየረም ብሎ ዋጋ ሲጨምሩበት ነው።

ምርመራው የሚጀመረው ከኋላ ወንበር ነው። የወንበሩ መቀመጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ይወጣል። ከሥሩ፣ መሀል ለመሀል ከፊት ወደ ኋላ በሚያልፈው ጉብታ ላይ፣ የሻንሲው ቁጥር በቀጥታ በብረቱ ተመትቶ ይገኛል። አቧራና የቀለም ንብርብር ሊሸፍነው ይችላል። በነዳጅ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ብርጭቆ ወረቀትም ሆነ ሞረድ ማስነካት ግን ማስረጃን ማጥፋት ነው። ያው ቁጥር ከፊተኛው ኮፈን ሥር፣ ከስኮርታ ጎማው በስተኋላ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ይደገማል። ሳህኗ ግን ተነቅላ ሌላ ቦታ ልትለጠፍ ስለምትችል ዳኛው የወንበር ሥሩ ቁጥር ነው።

አነባበቡ ቀላል ነው፤ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው። እስከ 1964 ሞዴል ድረስ የነበሩት ቁጥሮች ተራ ቅደም ተከተል ናቸው፤ 6 ሚሊዮንን ያለፈ ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር ካዩ መኪናዋ የ1964 ሞዴል ናት። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ግን ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል። 115 ብሎ የሚጀምር የ1965፣ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። የፋብሪካው ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ስለሆነ የ1968 ሞዴል የተባለችው ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። በእኛ አቆጣጠር ይህ 1959 መጨረሻና 1960 ዓ.ም. ነው። «አባቴ በ60 ነው የገዟት» የሚል ባለቤት በ118 የሚጀምር ሻንሲ ካሳየ ታሪኩ ከብረቱ ጋር ይስማማል። ወረቀቱ ላይ «1960 ሞዴል» የሚል ካለ ግን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ስምንት ዓመት የሚያህል ስህተት ከዚያች ላይ ይወለዳል።

ሻንሲውን ካወቁ በኋላ የቀረው ሥራ ሌላውን ዕቃ ከእሱ ጋር ማስተያየት ነው።

ወደ ኋላ ይዞሩና የሞተሩን ክዳን ይከፍታሉ። ዲናሞው የተቀመጠበት እግር አለ፤ ከእግሩ ግርጌ በሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ የሞተር ቁጥሩ ተመትቷል። ከነሐሴ 1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥሩን የላቲን ፊደል ይቀድመዋል። ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500 ነው። ከነሐሴ 1970 ወዲህ የመጡት ሁለት ፊደል አላቸው፤ ኤቢ 1300ን፣ ኤዲ ደግሞ ባለ 50 ፈረስ 1600ን ያመለክታል። እንግዲህ ሻንሲዋ የ1964 ሆኖ ሞተሯ በኤች ከጀመረ ክርክር የለም፤ 1500 ሞተር ለዚህች መኪና ከመጣበት ከነሐሴ 1966 በፊት የተወለደች ናትና ሞተሯ የሌላ ነው። ቁጥሩ ባይነበብ እንኳ የዲናሞው እግር ራሱ ይናገራል። እስከ ሐምሌ 1960 የተሠሩት ሞተሮች ላይ እግሩ ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ተለይቶ በብሎን የታሰረ ነው።

ቁጥር የሚመታበት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም። ብቻውን እንደ መለዋወጫ የሚሸጥ ብሎክ ሳይመታበት ይመጣ ነበር፤ ፋብሪካውም አሮጌ ሞተር ተቀብሎ የታደሰ የመስጠት አሠራር ነበረው። የሚያስፈራው ቦታው በሞረድ የተበላ፣ አሃዞቹ ወጣ ገባ ያሉ፣ ጥልቀታቸው አንድ ያልሆነ ሲሆን ነው። የፋብሪካ ምት እኩል ነው፤ በመዶሻ አንድ በአንድ የተመታ ቁጥር ግን ያስታውቃል።

ሌላው ብዙ የሚያወጣ ምርመራ የኤሌክትሪኩ ነው። እስከ ሐምሌ 1967 ድረስ ለአውሮፓ የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ፤ አሜሪካ የሚሄዱት በአንድ ዓመት ቀድመው ወደ 12 ተሻግረዋል። 6 ቮልት ባትሪና አምፖል ከገበያ ሲጠፋ እዚህ ያሉት አሮጌዎቹም በብዛት ወደ 12 ተቀየሩ። ባትሪውን ማየት አይበቃም፤ ባትሪ በአምስት ደቂቃ ይለወጣል። ሞተሪኖው የሚነክሰው ቮላኖ ላይ ያሉት ጥርሶች ይቆጠሩ፦ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12ቱ 130 ናቸው። ባለ 130ው በዙሪያው ሰፋ ስለሚል በአሮጌው ካምቢዮ ቅርፊት ውስጥ እንዲዞር ግድግዳው ይፋቃል። ሞተሩ በወረደ ጊዜ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ያ ፍቅፋቂ ከነመሣሪያው ጭረት ይታያል። መኪናዋ 6 ቮልት ሆና እንደተወለደች፣ ሞተሯም በኋላ እንደመጣ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ የለም፤ ሻጩ ስለማያስበው ደግሞ ማንም አይደብቀውም።

ወደ አካሏ ስንመጣ አንድ ደንብ መያዝ ይበቃል፤ በብሎን የሚፈታ ሁሉ ሊዋሽ ይችላል፣ በፋብሪካ የተበየደው ግን አይዋሽም። ብዙዎቹ ላይ ፊት መብራቱ እስከ ሐምሌ 1967 ድረስ ጋደል ያለ መስታወት ነበረው፤ ከነሐሴ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። መብራቱ ያለው ግን በፓራፋንጎው ላይ ነው፣ ፓራፋንጎ ደግሞ በብሎን ይቀየራል። በ1963ዋ ቮልስ ላይ የቆመ መብራት ካዩ ምናልባት ከግጭት በኋላ የተቀየረ ፓራፋንጎ ነው፤ ከዚያ በላይ አያሳስብም። መስኮቶቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የኋላ መስታወቷ እስከ ማርች 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ ሐምሌ 1957 እንቁላል ቅርጽ፣ ከነሐሴ 1957 ወዲህ ሰፊ አራት ማዕዘን ነው። በነሐሴ 1964 ደግሞ ሁሉም መስኮቶች ሰፉ። የመስኮቱ ክፍተት ከጣሪያው ጋር የተበየደ ብረት ስለሆነ ሻንሲው የ1963 ሆኖ መስኮቱ የሰፊው ዘመን ከሆነ የተቀየረው መስታወቱ ሳይሆን መላው አካል ነው። የቮልስ አካል ከሻንሲው ላይ በብሎን ስለሚለይ ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ የተደረገበትም ብዙ አለ።

የነዳጅ መሙያውም እንዲሁ ይረዳል። አሮጌዎቹ ኮፈን ተከፍቶ ነው የሚሞሉት፤ ከነሐሴ 1967 ጀምሮ በ1300ውና በ1500ው ላይ መሙያው በውጭ በስተቀኝ የራሱ ክዳን ወጣለት። ዳሽቦርድ ላይ የነዳጅ መለኪያ የመጣው በነሐሴ 1961 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሹፌር ነዳጅ ሲያልቅ በእግሩ መጠባበቂያውን ይከፍት ነበር። መለኪያ ያላት የ1959 ቮልስ እጅ ገብቶባታል።

መስታወቶቹ ጥግ ላይ የአምራቹ ምልክት አላቸው፤ ሲግላና ሴኩሪት የሚሉት ጀርመናዊ ስሞች የተለመዱ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ፣ በዚያ በኩል መስታወት ተሰብሯል ወይም በር ተቀይሯል።

ከሁሉም ግን በርኅራኄ መታየት ያለበት ወለሉ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ በዓመታት ውስጥ ብረቱን ይበላዋል። ሻንሲ ቁጥሩን ለማየት ወንበሩን ያነሣ ሰው ዓይኑን አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ቢያዞር እዚያ ላይ በብየዳ የተጣፈ ላሜራ፣ አንዳንዴም ስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ ያገኛል። ይህን ያላየች አሮጌ ቮልስ ብርቅ ናት። ጥሩ ብየዳ ከሆነ እንደ ጉድለት መቆጠር የለበትም። የግራው ወለል ጤነኛ ሆኖ የቀኙ መጣፉ እንዲያውም የሚጠበቀው ነው፤ ሁለቱም ወለሎች ከተቀየሩ ግን ቁጥር ያለበት መሀሉ ጉብታ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።

በየዕቃው ላይ የሚገኘው ቁጥርም ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። የቮልስዋገን ዕቃ ዘጠኝ አሃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ለየትኛው ሞዴል እንደተነደፈ፣ መካከለኞቹ ሦስት የትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራሉ። መካከለኛው በ1 ከጀመረ የሞተር፣ በ3 ከጀመረ የካምቢዮ፣ በ6 ከጀመረ የጎማና የፍሬን፣ በ8 ከጀመረ የአካል፣ በ9 ከጀመረ የኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገርም ተቀርጿል። ጀርመን ውስጥ የመደበኛዋ ቮልስ ምርት በጃንዋሪ 1978 ስለቆመ ከዚያ ወዲህ የመጣው የፋብሪካ ዕቃ በብዛት የብራዚል ወይም የሜክሲኮ ነው። እዚህ ላይ የመለዋወጫ ነጋዴውና የመኪና ወዳዱ ሳይግባቡ ይቀራሉ። ነጋዴው «ኦሪጅናል» ሲል የቅጂ ዕቃ አይደለም ማለቱ ነው። የብራዚል ካርቡራቶር በዚህ ሚዛን እውነተኛ ነው፤ የ1965ዋ ጀርመን ሠራሽ መኪና ይዛው የተወለደችው ግን አይደለም።

ቀለም መጨረሻ ይታያል። ውጪውን ተዉት፤ ቀቢ የማይደርስበትን ፈልጉ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር፣ ከበሩ ላስቲክ ውስጥ የመጀመሪያው ቀለም ይቀመጣል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀለም በኤል የሚጀምር መለያ ነበረው፤ ኤል 41 ጥቁር፣ ኤል 87 ዕንቁ ነጭ ነው። ከዚህም በላይ ለሚሻ በጀርመን ዎልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ቤተ መዘክር የሻንሲ ቁጥር ተቀብሎ መኪናዋ መቼ እንደተሠራችና በምን ቀለም እንደወጣች የሚገልጽ የልደት ወረቀት በክፍያ ሲሰጥ ኖሯል። አንድ ገጽ ነው፤ የሻጭንና የገዢን ብዙ ሰዓት ክርክር ይዘጋል።

ዘዴው ለቮልስ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ዘመን አርሲን ያረሱት ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮችም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ፦ የትራክተሩ ቁጥር ከመሪው ሥር በዳሽቦርዱ ሳህን ላይ፣ የፐርኪንስ ሞተሩ ቁጥር ደግሞ ለብቻው በብሎኩ ላይ ነው። ሁለቱ ዘመን ካልተስማሙ ሞተሩ ከሌላ ትራክተር መጥቷል። ለሚያርሰው ገበሬ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፣ ሞተሩ ይነሣ እንጂ።

ለቮልስ ባለቤት ግን መግባት ጀምሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማው የሚታየው አዲስ ቮልስዋገን ከቻይና የመጣው ኤሌክትሪኩ አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ ነው። አሮጌዎቹ አይጨመሩም፣ አይተኩም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ባለቤት ሁሉ «ወደ ጥንቱ ልመልሳት» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ልክ አለው። የስድሳ ዓመት የፍሬን ጎማ፣ የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ ኦሪጅናል ነው ተብሎ አይጠበቅም። ቤንዚን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ አገር ከኢታኖል ጋር ተደባልቆ ይሸጥ ነበር፤ አሮጌው የላስቲክ ቱቦ ለኢታኖል ስላልተሠራ መቀየሩ ግዴታ ነበር። ሞተር፣ ቮላኖ፣ መብራት፣ መለኪያ ግን ሲወርዱ ለቁራሌው ባይሸጡ ይሻላል። በማዳበሪያ ተጠቅልለው ጓሮ ቢቀመጡ አንድ ቀን የመኪናዋን ዋጋ የሚያነሡት እነሱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ግቢዎች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ያየ ሰው ካለ፣ ጓሮ የተቀመጠ ዕቃ ምን ያህል በፍጥነት ከእጅ እንደሚወጣ ያውቃል።

ገዢ ከሆኑ ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የባትሪ መብራት፣ ጨርቅና የሊብሬው ቅጂ። ሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ። ሻንሲው ካልገጠመ ንግግሩን እዚያው ያቁሙ። ሻንሲው ገጥሞ ሞተሩ ካልገጠመ መኪናዋ መጥፎ ናት ማለት አይደለም፤ ለውጡ በትራንስፖርት ቢሮ ተመዝግቦ ሊብሬው እስኪስተካከል ድረስ ግን ቀብድ አይክፈሉ። ወንበሩን ለማንሣት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ደግሞ ሌላ ቮልስ ይፈልጉ።